ናፍጣው አላለቀም ነበር

አቦቦ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንዶሰን፣ ጁባ ካለህበት ጋራዥ።

ወንዴ፣ እንደምን ከርመሃል? ጆሮህን የወሰደብህ አምላክ እጅህንና ዓይንህን ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ፣ ደህና ከተባለ። ብደውል እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ በዚህች የቁልፍ ስልኬ ደግሞ ሁለት መስመር ከጻፍኩ ዓይኔ ይፈዛል። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራው ፈይዛ አዲስ አበባ ላይ ቀይሮ ወደ ጁባ ለሚያልፍ መንገደኛ አስይዛ እልክልሻለሁ ብላኛለች።

የአጎትህ ልጅ፣ ባሌ ገሠሠ፣ እንደወጣ ከቀረ አራት ወር ሊሞላው ነው። በሰው በሰው ሰምተኸዋል፣ ከእኔ ግን አልሰማህም። የደመራ ዕለት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ማታር ወጣ። አብሮት የነበረው ጫኝና አውራጁ ዱዎፕ ብቻ ነው። ዱዎፕ እንደሚለው፣ ከኢታንግ አልፈው ውሃው ግራና ቀኙን የሞላበት ከፍ ያለ መንገድ ላይ የመኪናዋ ሞተር ጠፋ። ገሠሠ «ናፍጣ አለቀ፤ መንደር ሂድና በጀሪካን ይዘህ ና» ብሎ ላከው። ዱዎፕ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲመለስ መኪናዋ እንደቆመች ናት፤ ቁልፉ ተሰክቷል፤ ገሠሠ የለም። በኋላ ሰዎች ሄደው ሲያዩ ታንኩ እስከ ግማሽ ናፍጣ አለው።

ከዚያ ወዲህ ዱዎፕን ማን ይመነው? ታሰረ፣ ተጠየቀ፣ ማስረጃ የለም ተብሎ ተፈታ። ወንድሜ ከተማ ግን አልፈታውም። «ናፍጣ ያለውን መኪና ናፍጣ አለቀ ያለ ሰው ሌላም የሚደብቀው አለው» ይላል በየደረሰበት።

መኪናዋን ጎትተው አምጥተው ግቢዬ ውስጥ ኒም ዛፉ ስር አቆሟት። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ሁለት መካኒክ አይተዋታል። አንዱ ውሃ ጠጥታለች አለ፤ ሌላው ፓምፑ ሞቷል አለ። ሁለቱም ሳይጨርሱ ሄዱ፤ ለምን እንደሄዱም አልነገሩኝም። ከተማ በቁራጭ ብረት ትሸጥ ይላል። እኔ እሺ አላልኩም። ምን እንደነካት ሳላውቅ አልሸጣትም። ገሠሠ ሲሠራ ባትሪ ይዤ የማበራለት እኔ ነበርኩ፤ ፒንሳና ካቻቢቴ አልፈራም። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እሠራለሁ።

እህትህ አባይነሽ

*

ጁባ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አባይነሽ፣ አቦቦ።

ቤትሽ በሰላም ይዋል፣ ሌቱም ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን አንድ ነጋዴ ጋራዥ ድረስ አመጣልኝ። ስለ ገሠሠ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም፤ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ስለ መኪናዋ ልጻፍ።

እትዬ፣ ናፍጣ ሞተር ብዙ ነገር አይፈልግም። አየር ይፈልጋል፣ ናፍጣ ይፈልጋል፣ የሚያዞረው ይፈልጋል። ሞተሪኖው ከዞረ ባትሪውን ተዪው። መጀመሪያ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ጭስ ማውጫውን እዪ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም ማለት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ራሱ አልደረሰም።

ቀጥሎ ኮፈኑን ክፈቺ። የናፍጣ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ከታች ትንሽ ማፍሰሻ አለው። ፈታ አድርገሽ በብርጭቆ ያዢ፣ ጥቂት ይቆይ። ውሃ ካለ ከስር ይተኛል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል። ከፊልትሮው ራስ ላይ ደግሞ በእጅ የሚጫኑት ፓምፕ አለ። ተጫኚው። ጤነኛ ከሆነ ወርዶ ይነሳል፣ ወርዶ ይነሳል፣ በመጨረሻ ይጠነክራል። ጨርሶ ካልጠነከረ አየር እየሳበ ነው፤ ናፍጣ የሚያልፍበት አንድ የጎማ ቱቦ ተቀዷል ወይ ቱቦውን የሚያስረው ፋሼታ ላልቷል።

አንድ ነገር ደግሞ። ቁልፉን ሳታስነሺ አንድ ደረጃ ብቻ ስታዞሪው ከናፍጣ ፓምፑ ዘንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መኖር አለበት። ያን እኔ ዛሬ አጠገቡ ብቆም አልሰማውም። አንቺ ስሚልኝ።

ያየሽውን ብቻ ሳይሆን እጅሽ የተሰማውን ጻፊልኝ።

ወንዶሰን

*

አቦቦ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንዶሰን።

ሙቀቱ በርትቶብናል፤ አንተ ዘንድ ይቅለልልህ። የሠራሁትን ልንገርህ።

ቁልፍ የሚያዞርልኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ጎረቤቶቼ ሌላ ሥራ ሁሉ ያግዙኛል፣ ወደዚች መኪና ግን አይቀርቡም። በዚህ ፀሐይ ውሻው እንኳ አጥሩ ስር ይተኛል እንጂ ከእርሷ ጥላ አይገባም። በመጨረሻ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘሁት ዱዎፕን ነው። ከሳ ብሏል። «እኔ አዞራለሁ፤ ናፍጣ አለቀ ሲለኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መኪናዋ ትናገር» አለኝ። አስገባሁት።

ጭስ የለም። ነጭም ጥቁርም፣ ምንም። «ጠቅ» የሚለው አለ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። በብርጭቆ የያዝኩት ናፍጣ ንጹሕ ነው፤ ጠዋት አስቀምጬው እስከ ቀትር አየሁት፣ ከስሩ ጠብታ ውሃ የለም። የናፍጣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው፣ አንዱም አልተቀደደም። ወንዴ፣ ይህች መኪና አልታመመችም።

የእጅ ፓምፑን ግን አንተ እንዳልከው አላገኘሁትም። ሁለት ጊዜ ተነስቷል፤ ሦስተኛው ላይ ወረደና እዚያው ቀረ። አይጠነክርም፣ አይላላም። አንድ ሰው ከታች ሆኖ የያዘው ይመስል ተመልሶ አልነሳ አለ። እጄ የተሰማውን ጻፊ ስላልከኝ ነው የምጽፈው፤ የያዘው ነገር ልክ እንደ እጅ ነበር። ለቅቄው ወደ ቤት ገባሁ።

ማታ ከተማ መጣ፤ ዱዎፕ ግቢዬ መግባቱን ሰምቷል። «የባልሽን ደም እያስረገጥሽ ነው» አለኝና ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። ቶሎ ጻፍልኝ።

አባይነሽ

*

አቦቦ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንዴ፣ ከአንድ ወር በላይ ሆነ። ፈይዛ ደብዳቤዬ ለእጅህ መድረሱን ከተሸካሚው አረጋግጣለች። ታመህ ከሆነ እግዚአብሔር ይማርህ። ካልታመምክ ግን ምን እንደሆንክ አልገባኝም። የእጅ ፓምፑ አሁንም እንደወረደ ነው።

አባይነሽ

*

ጁባ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አባይነሽ።

ይቅር በዪኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አንድ ጀሪካን ንጹሕ ናፍጣ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ። ከታንኩ ወደ ፊልትሮ የሚመጣውን ጎማ ነቅለሽ በምትኩ ከጀሪካኑ የሚመጣ ጎማ ሰኪ። የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ተጫኚና አስነሺ። ከተነሳች ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ላይ ነው።

ሌላ የምጠይቅሽ አለ። መኪናዋ ስትገኝ ኋላ የሚያሳየው የጋቢናው መስታወት ወዴት ዞሮ ነበር? ዱዎፕ ያስታውሳል። በዚያ ጉዞ ላይ ገሠሠ አንድ ቦታ ላይ ያለ ምክንያት ቆሞ እንደሆነም ጠይቂልኝ።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ብዙ አታቆዪው።

ወንዶሰን

*

አቦቦ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንዶሰን፣ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ተነሳች። ከስድስት ወር በኋላ በጀሪካኑ ናፍጣ በሁለተኛው ዙር ተነሳች። ድምፅዋን የሰሙ ጎረቤቶች ገሠሠ የመጣ መስሏቸው ከየቤታቸው ወጡ፤ አጥሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ዱዎፕ መሪው ላይ ነው። አንዳቸውም እንኳን ደስ አለሽ አላሉኝም።

እኔ ኮፈኑ ጋ ቆሜ ነበር። ሞተሩ ጥቂት እንደሠራ የጋቢናው ጣሪያ ሁለት ጊዜ ተመታ። ኋላ የተጫነ መንገደኛ ወራጅ አለ ሲል በመዳፉ እንደሚመታው፣ እንደዚያ። ዱዎፕ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ኋላ ሄጄ አየሁ፤ ባዶ ነው። ዱዎፕን «ሰማህ?» አልኩት። ቁልፉን ነቅሎ ወረደ፤ ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር።

ከዚያ የጠየቅከኝን ጠየቅሁት። መስታወቱ ወደ ጣሪያው ዞሮ ነበር አለ። ገሠሠ ራሱ ነው ከኢታንግ ሲወጡ ያዞረው። «ኋላህን ሳታይ እንዴት ትነዳለህ ስለው፣ ዛሬ ኋላዬን ማየት አልፈልግም አለኝ» አለ። ያቆመውም እዚያው ሞተሩ የጠፋበት ቦታ ላይ ነው፤ ወርዶ ውሃውን ሲያይ ቆየ፣ ተመልሶ ገባ፣ ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲያደርግ ቆይቶ «ናፍጣ አለቀ» አለ።

ወንዴ፣ ስለ መስታወቱ እንዴት አወቅህ? እዚያ አልነበርክም። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ናፍጣ ነው፤ አንተ የምትጠይቀኝ ስለ ሰው ነው።

ከተማና የአክስታችን ልጆች ዝናብ ሳይገባ ዱዎፕን በራሳቸው መንገድ ሊያናግሩት ተማክረዋል። ይህ ማለት ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ዱዎፕ ግን አልሸሸም፤ በየጠዋቱ እየመጣ ያችን መኪና ይጠርጋል። የምታውቀውን ጻፍ። ካልጻፍክ የሰው ነፍስ በእጅህ ነው።

አባይነሽ

*

ጁባ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አባይነሽ፣

እግዚአብሔር ይህን አንብበሽ የምትቆሚበትን ጉልበት ይስጥሽ።

የሾፌሩን መቀመጫ ወደ ፊት ግፊው። ከስሩ ያለውን ምንጣፍ አንሺ። ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን ታገኛለሽ፤ ከክዳኑ ስር የቢጫ ነሐስ መዝጊያ አለ፣ እንደ ውሃ ቧንቧ የሚዘጋ። ወደ ጁባ ከመሄዴ በፊት፣ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ መኪና ስርቆት በበዛ ጊዜ እኔ ነኝ የገጠምኩት። ሲዘጋ ናፍጣ ከታንኩ አይወጣም፤ የሰረቃት ሰው ሩቅ አይሄድም። ከእኔና ከገሠሠ በቀር የሚያውቀው የለም። ለአንቺም እንዳንናገር ተስማምተን ነበር።

የእጅ ፓምፑ ወርዶ ቀረ ስትዪኝ ያንኑ ሰዓት ገባኝ። ከታች የያዘው እጅ የለም እትዬ፤ መንገዱ ሲዘጋ ፓምፑ ባዶውን ስቦ ይቀራል። መዝጊያው ተዘግቷል። ራሱ ገሠሠ ዘግቶታል። ዱዎፕ አልዋሸም፤ ገሠሠ ነው ለእርሱ የዋሸው። ብቻውን መሆን ፈልጎ ነው የላከው።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ወር ሙሉ ዝም ያሰኘኝም እሱ ነው። በ2016 መስከረም ገሠሠ ከኢታንግ አንዲት ልጅ ጫነ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ። ዱዎፕ ያን ጊዜ ታሞ አልሄደም። ከኋላ የተቀመጠችው እርሷ ብቻ ነበረች። እዚያ ቦታ ሲደርስ ውሃው መንገዱን እየተሻገረ ነበር። ሁለት ጊዜ ጣሪያውን መታች፤ ልውረድ ማለቷ ነው። ከቆምኩ እሰምጣለሁ ብሎ ሳይቆም አለፈ። ማዶ ወጥቶ ሲያይ ከኋላ የለችም። እስኪመሽ ፈለጋት። ከዚያ ለማንም ሳይናገር ወደ ቤት መጣ።

ለእኔ የጻፈልኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያን ቦታ ባለፈ ቁጥር ባዶ መኪና ላይ ጣሪያው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ መስታወቱን ግን ደፍሬ አላይም ብሎኝ ነበር። ወደ ቤተሰቧ ሂድ አልኩት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም አለኝ። ከዚያ በላይ አልገፋሁትም። የእኔ ጥፋት ይህ ነው። የመጨረሻ ቃሉ «አንድ ቀን እቆምላታለሁ» የሚል ነበር።

ይህን ወረቀት ለከተማ አሳዪው። ለሁሉም አሳዪ።

ወንዶሰን

*

አቦቦ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንዶሰን።

ሰላም ይብዛልህ። ይህን በእርጋታ ነው የምጽፍልህ።

ደብዳቤህን ለራሴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ከተማን አስጠርቼ ዱዎፕ ባለበት ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አላመነም። መቀመጫውን በገዛ እጁ ገፋ፣ ክዳኑን አነሳ፣ መዝጊያውን አየ። ተዘግቷል። ከፈተው፤ ጀሪካኑን ነቅዬ የታንኩን ጎማ መለስኩ፤ የእጅ ፓምፑ ተነሳ። መኪናዋ በራሷ ናፍጣ ተነሳች። ከተማ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። በኋላ ወደ ዱዎፕ ሄዶ ራሱን ዝቅ አደረገ። ዱዎፕ «ሰባት ወር ሙሉ ነገርኳችሁ» አለው። ገና አልታረቁም፤ ግን አብረው ጎማ ነፉ።

እኔ ለባሌ ማልቀስ አልቻልኩም። በልቤ የነበረው ያች ልጅ ናት። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እናቷ በር በር ታያለች። ዱዎፕን «ውሰደኝ» አልኩት።

ረቡዕ ወጣን። ያን ቦታ ስንደርስ ውሃ የለም፤ ደረቅ መሬትና የተኛ ሣር ነው። ጣሪያው አልተመታም። ዱዎፕም እኔም ትንፋሻችንን ይዘን አለፍን። ዱዎፕ በመንደሮቹ ሲጠይቅ ሲጠይቅ፣ በዚያ ጎርፍ ወደ ማታር አክስቷ ዘንድ ስትሄድ የቀረች ልጅ ያላት ሴት አገኘን። ኛኩዎል ትባላለች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ ዱዎፕ ይተረጉምልን ነበር።

መንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ገና «እኔ የገሠሠ ሚስት ነኝ» ስል እጄን ያዘችኝ።

«አባይነሽ» አለች።

ስሜን አልነገርኳትም። ዱዎፕም አልነገራትም፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። እንዴት እንዳወቀችኝ ጠየቅኋት።

«እሱ ነገረኝ። ትመጣለች አለ» አለች።

ዱዎፕ መተርጎሙን አቆመ። ሁለት ጊዜ «ቀጥል» ካልኩት በኋላ ነው የቀጠለው። ባለፈው መስከረም፣ መኪናዋ ተጎትታ ከሄደች በኋላ በሚቀጥለው ሐሙስ፣ በጠራራ ፀሐይ አንድ ደገኛ ሰው ደጇ መጣ አለች። ልብሱ ከእግር እስከ ራሱ ርሶ ነበር። በርጩማ ሰጠችው። ልጅቷ እንዴት እንደሞተች፣ ሁለት ጊዜ እንደመታች፣ እርሱም እንዳልቆመላት ነገራት። ይቅርታ ለመናት። ኛኩዎል አልመለሰችለትም። ፀሐዩ ላይ ተቀምጦ እንኳ ልብሱ አልደረቀም። ሲመሽ ተነስቶ ወደ ውሃው አቅጣጫ ሄደ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«በሐሙሱ መጣ። በሚቀጥለውም። አሁንም ይመጣል። አንድ ቀን ሳልመልስለት እንደማይቀር ያስባል።»

ወንዴ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ታውቀኛለህ። ኛኩዎልን አየኋት፤ አእምሮዋ የተናጋ ሴት አይደለችም። ዶሮ አላት፣ በቆሎ ዘርታለች፣ ለእንግዳ የሚሆን ዓሣ ጠብሳ ሰጠችን። እዚያው አደርን።

ሐሙስ ጠዋት፣ ግንቦት 7፣ በርጩማውን አውጥታ ደጅ ላይ አስቀመጠች፤ ለጎረቤት እንደሚወጣ። እኔና ዱዎፕ ከጎጆው ጥላ ስር ተቀመጥን። ፀሐይ ወጥታ ከፍ ስትል ኛኩዎል ቀና ብላ ወደ መንገዱ አየችና «መጣ» አለች።

እኔ ማንንም አላየሁም። አቧራው ላይ ኮቴ አላየሁም። የእንጨቱ መቀመጫ ግን ዓይኔ እያየ ጠቆረ። ከመካከሉ ጀምሮ እስከ ዳሩ ረጠበ፣ ውሃውም በእግሮቹ ወርዶ አሸዋው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ዱዎፕ ተነስቶ ሊሮጥ ነበር፤ ክንዱን ያዝኩት።

ልጅሽ ስሟ ማን ነበር ብዬ ኛኩዎልን ጠየቅኋት። ኛማል አለችኝ። ወደ በርጩማው ዞሬ «ስሟ ኛማል ነው ገሠሠ» አልኩ። ሌላ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋብኝ። «መኪናዋ ተነስታለች። ዱዎፕን ማንም አይነካውም» ብቻ አልኩት።

ኛኩዎል ወደ በርጩማው ቀረበች። ከዚያ በቋንቋዋ ቀስ ብላ ተናገረች። ዱዎፕ በሹክሹክታ ነገረኝ። «ልጄ ሄዳለች። እኔም መልሼልሃለሁ። አሁን ሂድ» ነው ያለችው።

ውሃው መንጠብጠቡን አቆመ። ቀስ እያለ ፀሐዩ እንጨቱን ከዳር ጀምሮ ሲያነጣው አየን። በርጩማው ጨርሶ እስኪደርቅ ተቀመጥን።

የገሠሠን ለቅሶ ለፊታችን እሑድ ጠርቻለሁ። ኛኩዎልና ዱዎፕ ከእኔ ጎን ይቀመጣሉ፤ ከተማ ድንኳኑን ይተክላል። አንተ ከቻልክ ና።

እህትህ አባይነሽ